ዕዳው የማን ነው? ስለ አየር ንብረት መዛባትና ስለ ኃይል ምርጫ

በአሁኑ ወቅት የዓለምን ሕዝብ ከሚያነጋግሩት ዓቢይ ጥያቄዎች መካከል አንዱ የምድራችን ሙቀት መጨመርና የአየር ንብረት መዛባት መሆኑ የታወቀ ነው። ጥያቄው ከሳይንቲስቶች ቤተ ሙከራና ከዲፕሎማቶች አዳራሽ ወጥቶ በፋብሪካ የምሳ ዕረፍት፣ በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ፣ በዕድር ድንኳን ሳይቀር መነሣት ከጀመረ ሰንበትበት ብሏል። ይህ የሚያስደስት ነው። የማያስደስተው ግን ውይይቱ ብዙ ጊዜ የሚቋጭበት ቃል ነው። «ጥፋተኞቹ ሁላችንም ነን» ይባላል፤ ተሰብሳቢውም ራሱን ነቅንቆ ይበተናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ይህንኑ «ሁላችንም» የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ዋነኛው ባለዕዳ ከአበዳሪው ፊት የሚሸሸግበት መጋረጃ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ያህል ጥቂት እንበል። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል። ጋዙ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምድር ያሳልፋል፤ ከምድር ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት ግን ያፍናል። ጋዙ ሙቀት እንደሚይዝ አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856፣ አየርላንዳዊው ጆን ቲንደል በ1859 በሙከራ አሳይተዋል። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስም በ1896 ጋዙ ቢጨምር የምድር ሙቀት ምን ያህል ከፍ እንደሚል በስሌት አስቀምጧል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኢንዱስትሪ ዘመን ከመጀመሩ በፊት በአየር ውስጥ የነበረው የዚህ ጋዝ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 280 ያህል እጅ ነበር። በ1958 በሐዋይ ማውና ሎኣ ተራራ ላይ የማያቋርጥ ልኬት ሲጀመር 315 ደርሶ ተገኘ። ዛሬ ከ420 አልፏል። 2024 ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው አማካይ ሙቀት ከ1.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል። የሳይንሱ ነገር ይህን ይመስላል። ከዚህ በኋላ ያለው የሒሳብና የፍርድ ጉዳይ ነው።

በአገራችን የሽማግሌ ዳኝነት አንድ ጥፋት ሲመረመር ድርጊቱን ማን ፈጸመው ተብሎ ብቻ አይቆምም። እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ? ሌላ መንገድ ነበረው ወይስ አልነበረውም? ተብሎም ይጠየቃል። የሰው ከብት ሲነዳ የተያዘና መንገድ የሳተ ከብት በበረቱ የተገኘበት ሰው እኩል አይካሱም። እኛም ይህንኑ ሚዛን ይዘን ብንጓዝ ከመንገድ የምንወጣ አይመስለንም።

በመጀመሪያ ማን ምን ያህል አቃጠለ የሚለውን እንመልከት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ማለዳ ጭጋግ ረፋዱ ላይ የሚበተን ነገር አይደለም። ከሚወጣው ውስጥ ቀላል የማይባል እጅ ለብዙ መቶ ዓመታት በአየር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ትናንት የተለቀቀው ጭስ ከዛሬው ጋር ተደምሮ ይቆጠራል ማለት ነው። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ የመጀመሪያው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በለንደን፣ በሆልበርን ቪያደክት፣ ሥራ የጀመረው በ1882 ነው። እንግሊዝ የመጨረሻውን እንዲህ ያለ ጣቢያ፣ ራትክሊፍ ኦን ሶር የተባለውን፣ የዘጋችው መስከረም 30 ቀን 2024 ነው። በነዚህ 142 ዓመታት የተጨሰው ጭስ አሁንም በቦረና ግጦሽ ላይ በሚያንዣብበው ሰማይ ውስጥ አለ። እስካሁን በዓለም ላይ ነዳጅ በማቃጠል ከወጣው ጠቅላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእንግሊዝ ጋር ተደምረው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይይዛሉ። መላው የአፍሪካ አህጉር፣ ደቡብ አፍሪካን፣ አልጄሪያንና ናይጄሪያን ጨምሮ፣ 3 በመቶ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ የምዕራቡ ዓለም ተከራካሪዎች ወዲያው ጣታቸውን ወደ ቻይና ይቀስራሉ። እርግጥ ነው፤ ቻይና ከ2006 ገደማ ጀምሮ በየዓመቱ በሚወጣው መጠን አንደኛ ሆናለች፤ በዓለም ከሚቃጠለው የድንጋይ ከሰልም ከግማሽ የሚበልጠው የሚነደው እዚያ ነው። ይህን መካድ አይቻልም፤ መካድም አይገባም። ነገር ግን የቻይና ፋብሪካ ከሚያመርተው ጨርቅ፣ ብረትና ስልክ ከፊሉ የሚሸጠው ለማን ነው? ለእንግዳ የሚፈላው ቡና ማገዶ በባለቤቷ ላይ ብቻ ሊቆጠር ይገባል? በነፍስ ወከፍ ሲሰላም አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስወጣ አንድ ቻይናዊ ከ8 እስከ 9 ቶን ያስወጣል። የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። የአሜሪካዊው የአንድ ሳምንት ጭስ የኛን ሰው የአንድ ዓመት ጭስ ይበልጣል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን በአገር ስም ብቻ ዘግቶ መነሣት ሌላ ስሕተት ነው። አገር አንድ ወጥ አካል አይደለም። በኒውዮርክ ሠፈሮች ቤት ለቤት እየዞረ ዕቃ የሚያደርሰው ስደተኛና የግል አውሮፕላን ያለው ባለሀብት በአንድ አሜሪካዊ አማካይ ቁጥር ውስጥ ተጨፍልቀው ይቀመጣሉ። ኦክስፋም በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት በ2019 ከዓለም ሕዝብ እጅግ ሀብታሙ 1 በመቶ ያስወጣው ጋዝ ከጠቅላላው 16 በመቶ ነበር። ይህም ከታች ያለው ሁለት ሦስተኛ ሕዝብ፣ አምስት ቢሊዮን ሰው ማለት ነው፣ በጋራ ካስወጣው ጋር እኩል ነው።

ጭስ ባንዲራም ርዕዮተ ዓለምም እንደማያውቅ ሳንጠቅስ ብናልፍ አንባቢ ይታዘበናል። ሪቻርድ ሂድ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2014 ባሳተመው ጥናት ከ1751 እስከ 2010 ከኢንዱስትሪ ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሜቴን 63 በመቶ ያህሉ ከ90 አምራቾች ነዳጅና ሲሚንቶ የመነጨ መሆኑን አሳይቷል። በዝርዝሩ ውስጥ ቼቭሮን፣ ኤክሶን ሞቢልና ቢፒ አሉ። የሳዑዲው አራምኮና የሩሲያው ጋዝፕሮምም አሉ፤ በመንግሥት ይዞታ ሥር ከነበሩት መካከል የቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ከግንባር ቀደሞቹ ተርታ ተሰልፋለች። የሚገርመው ሚካኤል ቡዲኮ የተባለው የሶቭየት ሊቅ ገና በ1972 የምድርን መሞቅ በስሌት ተንብዮ ነበር። ሰሚ ግን አላገኘም፤ የምርት ኮታው ከሊቁ ስሌት በላይ ይሰማ ነበርና። ስለዚህ የግል ባለቤትነት ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። በሁለቱም ወገን የታየው አንድ ነገር ነው፤ ውሳኔው የነበረው በጥቂቶች እጅ ነበር፤ ጭሱን የሚውጠው ሕዝብ ግን አልተጠየቀም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር። ያውቁ ነበር ወይ? በእኛ አስተያየት የክርክሩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1882 በለንደን ማመንጫ እሳት የሚያነደው ሠራተኛም ሆነ የማመንጫው ባለቤት አየሩን እያዛቡ መሆናቸውን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ለሰው ልጅ ያስገኙትንም ጥቅም አንክድም፤ ባቡሩ፣ ማዳበሪያው፣ የሆስፒታሉ መብራት የመጡት በዚሁ ኃይል ነው። ሳያውቅ ያደረገ ከሰሰኝ ቢል ዳኛው ይሰማዋል። ከ1977 በኋላ ያለው ታሪክ ግን የተለየ ነው። በዚያ ዓመት ጄምስ ብላክ የተባለ የኤክሶን ከፍተኛ ሳይንቲስት የኩባንያውን ሹማምንት ሰብስቦ ነዳጅ ማቃጠል የምድርን ሙቀት እንደሚጨምርና ውሳኔ የሚያስፈልግበት ጊዜ ሩቅ እንዳልሆነ አስረድቷቸዋል። ኩባንያው የራሱን ምርምር ቀጥሎ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የወደፊቱን ሙቀት የሚያሳይ ግራፍ አዘጋጀ። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እነዚያን ግራፎች ከእውነተኛው የሙቀት መዝገብ ጋር ቢያመሳክር ከ63 እስከ 83 በመቶ የሚሆኑት ትክክል ሆነው ተገኙ። ሼልም በ1988 በምስጢር የተያዘ ተመሳሳይ ሰነድ ነበረው።

ታዲያ ይህን ያወቁ ሰዎች ምን አደረጉ? በ1989 የነዳጅ፣ የከሰልና የአውቶሞቢል ኩባንያዎች ግሎባል ክላይሜት ኮኤሊሽን የተባለ ኅብረት አቁመው እስከ 2002 ድረስ ዓለም አቀፍ ስምምነትን ሲቃወሙ ቆዩ። በ1998 በአሜሪካ የነዳጅ ኢንዱስትሪ ማኅበር ሥር የተዘጋጀ ዕቅድ ደግሞ ተራው ዜጋ ሳይንሱን እንዲጠራጠር ማድረግን እንደ ድል መለኪያ አስቀመጠ። ልብ እንበል፤ እውቀቱን በመሳቢያ ቆልፈው ጥርጣሬውን በአደባባይ ሸጡ። እስካሁን በዓለም ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ያህሉ የወጣው ከ1990 ወዲህ መሆኑን ስናስብ የዚህ መዘግየት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ይገባናል። «እኛ ሸጥን እንጂ ያቃጠላችሁት እናንተ ናችሁ» የሚለው መከላከያም እዚህ ላይ ይወድቃል። የተመረዘ እህል መሆኑን እያወቀ፣ ገዢው እንዳያውቅ ደላላ ቀጥሮ የሚሸጥ ነጋዴ «የበላኸው አንተ ነህ» ቢል ማን ይሰማዋል?

ጥርጣሬው ሲያረጅ ደግሞ ሌላ ዘዴ መጣ። ቢፒ በ2000 ስሙን አድሶ፣ ዓርማውን አበባ አስመስሎ ብቅ አለ። በ2004 ደግሞ እያንዳንዱ ግለሰብ የራሱን «የካርቦን አሻራ» የሚቆጥርበትን ማስያ በማስታወቂያ ኃይል ለዓለም አስተዋወቀ። ስንት ጊዜ ሥጋ በላህ? መብራቱን አጥፍተህ ወጣህ ወይ? የሚል ነው። አሻራ የሚለው ቃል በአገራችን ከ2019 ጀምሮ ከችግኝ ተከላ ጋር ስለተያያዘ ለጆሮአችን መልካም ነው። ይሁን እንጂ አሻራ የሚሰጥበት ሌላም ቦታ እንዳለ አንዘንጋ፤ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ አሻራ ስጥ የሚባለውም ተጠርጣሪ ነው። ኩባንያው ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከተጠርጣሪ ወንበር ተነሥቶ መርማሪ ሆኖ ተቀመጠ። ሚያዝያ 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይኸው ኩባንያ ያስቆፍረው በነበረው ጉድጓድ ላይ የቆመው የዲፕዋተር ሆራይዘን መድረክ ሲፈነዳ 11 ሠራተኞች ሞተዋል። የእነርሱን ሕይወት ዋጋ የሚያሰላ ማስያ ግን ለሕዝብ ሲተዋወቅ አልሰማንም።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ኩበት ካነሣን ዘንድ ስለ ኩበት፣ ስለ ማገዶና ስለ ከሰል እንነጋገር፤ የኛ ሰው የሚከሰሰው በዚህ ነውና። በአገራችን ከአሥር ቤተሰቦች ዘጠኙ ያህል ምግብ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ነው። አንዲት እናት ምድጃዋን ስታራግብ ደን እያጠፋች፣ አየር እያበላሸች ነው እየተባለ በየሥልጠናው ይነገራታል። ደን መመናመኑ እውነት ነው። ጭሱም በዓለም ሙቀት ላይ የሚጨምረው ነገር ያን ያህል ባይሆንም የሴቲቱን ሳንባና የሕፃኑን ዓይን የሚጎዳ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ይህች እናት ምን ምርጫ ነበራት? ከእንጦጦ ተራራ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወገባቸው የጎበጠ ሴቶችን አዲስ አበባ ለትውልድ ስታይ ኖራለች። ባሕር ዛፉ ራሱ በምኒልክ ዘመን የመጣው ከተማይቱ ማገዶ ጠፍቶባት ልትፈታ በተቃረበች ጊዜ ነው። እነዚያ ሴቶች ከኤሌክትሪክ ምጣድና ከሸክም መርጠው ሸክሙን የወሰዱ አይደሉም። ነጭ ጋዝ ሲወደድ ወደ ከሰል የተመለሰችው የቀን ሠራተኛ ሚስትም የኃይል ፖሊሲ አላወጣችም። ምርጥ ምድጃና ላቀች የተባሉት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች በየሠፈሩ ሲዳረሱ የተቀበለቻቸው በደስታ ነው፤ ይህም ምርጫ ሲቀርብላት የተሻለውን እንደምትመርጥ ያስረዳል።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ በቦረናና በሶማሌ ቆላዎች ከብቱ እያየ ያለቀበት አርብቶ አደርም እንዲሁ ነው። በ2023 የወጣ የዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች ትንታኔ የሰው ልጅ ያሞቀው አየር ባይኖር ኖሮ ይህን መሰሉ ድርቅ የመከሠቱ ዕድል በ100 እጥፍ ያነሰ እንደነበረ ገልጿል። ከብቱ ያለቀበት ሰው መኪና የለውም፤ አምፖልም የለውም። «ሁላችንም» የሚለው ቃል እሱን ከኤክሶን ባለአክሲዮን ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል።

በሌላ በኩል ጥፋቱን በነዳጅና በከሰል ሠራተኛው ላይ የሚጭኑም አሉ። ይህ ለሠራተኛው አንባቢያችን ልዩ ትርጉም ስላለው ቆም ብለን ልናየው ይገባል። ወደ ጉድጓድ የሚወርደው ሰው ምን እንደሚቆፈር አይወስንም፤ የሚወስነው ላለመራብ መውረዱን ብቻ ነው። በእንግሊዝ በ1984 እና በ1985 ማዕድን ቆፋሪዎቹ አንድ ዓመት የፈጀ የሥራ ማቆም አድማ አድርገው ተሸነፉ፤ ጉድጓዶቹም ተራ በተራ ተዘጉ። የተዘጉት አየሩን ለማዳን ተብሎ አልነበረም። የዌልስና የዮርክሻየር የከሰል መንደሮች ግን ምትክ ሥራ ሳይዘጋጅላቸው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በጀርመን፣ በቦትሮፕ ከተማ፣ የመጨረሻው የጥቁር ከሰል ጉድጓድ በታኅሣሥ 2018 ሲዘጋ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ተከናውኗል፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር በተደረገ ስምምነት ዓመታት በፈጀ ዝግጅት፣ በጡረታና በዝውውር እንጂ በጅምላ ስንብት አልነበረም። በአሜሪካም የነዳጅ፣ የኬሚካልና የአቶም ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበረው ቶኒ ማዞኪ ለአካባቢ ሲባል ሥራው ለሚቀርበት ሠራተኛ ልዩ ፈንድ ይቋቋም የሚል ሐሳብ አንሥቶ ነበር፤ ለተበከለ አፈር ገንዘብ ከተመደበ ለሠራተኛው የማይመደብበት ምክንያት ምንድን ነው ባይ ነበር። ዛሬ ፍትሐዊ ሽግግር የሚባለው ሐሳብ ሥሩ በዚህ ውስጥ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2021 በግላስጎው ጉባኤ ከከሰል እንድትላቀቅ 8.5 ቢሊዮን ዶላር ቃል ሲገባላት አብዛኛው ብድር ነበር። በቀጣዩ ዓመት የኮማቲ የከሰል ማመንጫ ሲዘጋ የአካባቢው ሠራተኛ ያቀረበው ጥያቄ አጭር ነው፦ የኛስ ነገር?

ወደ ዓለም አቀፉ አደባባይ ስንመለስ ዕዳው ጨርሶ አልታወቀም ለማለት አይቻልም። በ1992 በሪዮ የተፈረመው ስምምነት ኃላፊነቱ የጋራ ሆኖ ልዩነት እንዳለው በግልጽ ጽፏል። ችግሩ ከአከፋፈሉ ላይ ነው። የአሜሪካ ሴኔት በ1997 ታዳጊ አገሮች እኩል ካልተገደዱ አንፈርምም የሚል ውሳኔ 95 ለ0 በሆነ ድምፅ አሳለፈ። አገሪቱ ከፓሪሱ ስምምነት እንደምትወጣ ሁለት ጊዜ፣ በ2017 እና በ2025፣ አስታውቃለች። በ2009 በኮፐንሃገን ሀብታሞቹ አገሮች እስከ 2020 ድረስ በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ሊሰጡ ቃል ገቡ፤ ቃሉ የተፈጸመው ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ሲሆን ያውም አብዛኛው በብድር መልክ ነው። ቤቱን ያቃጠለበት ሰው ለማደሻው በወለድ ሲያበድረው ይህን ካሣ የሚል ሕግ የትኛው ነው? ለደረሰ ጉዳት መካሻ የታሰበው ፈንድ በ2023 በዱባይ ሥራ እንዲጀምር ሲወሰን ቃል የተገባለት ገንዘብ 800 ሚሊዮን ዶላር አልሞላም። የዓለም ገንዘብ ድርጅት እንደሚለው ግን በ2022 መንግሥታት ለነዳጅ የሰጡት ቀጥተኛ ድጎማ 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ነበር።

አልፎ አልፎ ዕዳው ከስጦታ ወደ ሕግ ሲሻገር ይታያል። በቫኑዋቱ ደሴቶች አነሣሽነት ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የቀረበው ጥያቄ ሐምሌ 23 ቀን 2025 መልስ አግኝቷል፤ ፍርድ ቤቱ በሰጠው የምክር አስተያየት መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸውና ይህን መጣስ እስከ ካሣ ሊያደርስ እንደሚችል ገልጿል። የነገሩ መነሻ የፓስፊክ ደሴቶች የሕግ ተማሪዎች በ2019 የጀመሩት እንቅስቃሴ ነው።

ስለ ኃይል ምርጫ የሚሰጠን ምክርም የሰጪውን ማንነት ሳያዩ የሚዋጥ አይደለም። በ2021 በርካታ የአውሮፓ መንግሥታት በውጭ አገር ለነዳጅ ፕሮጀክት የመንግሥት ገንዘብ አንሰጥም ብለው ፈረሙ። በ2022 የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥባቸው ግን ጀርመን የተዘጉ የከሰል ማመንጫዎቿን መልሳ አስነሣች፤ የመንግሥቷም መሪ ጋዝ ፍለጋ እስከ ሴኔጋል ድረስ ሄደ። ለራሳቸው ሲሆን የኃይል ዋስትና፣ ለኛ ሲሆን ኃጢአት! በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ማምረቻ በ2025 ተመርቆ ጎን ለጎን የማዳበሪያ ፋብሪካ ሲታሰብ ከውጭ የሚነሣውን ወቀሳ የምንመዝነው ይህን እያሰብን ነው። ጋዝን ለራስ ማሳ ማዳበሪያ ማዋልና ለሩቅ ገበያ አውጥቶ መሸጥ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የዓለም ዋጋ ሲወርድ ባዶ ቧንቧ ይዞ መቅረትን ሊያስከትል ይችላልና ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል እንላለን።

ይህ ሁሉ ሲባል ጥፋቱ የሌላ ስለሆነ እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ የሚል ትርጉም እንዳይሰጠው። ጥፋት በምርጫ ሥልጣን የሚመዘን ከሆነ ምርጫ በእጃችን በገባበት ቦታ ላይ ሚዛኑ ለኛም ይሠራል። በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ከጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራ ሲሆን የማመንጨት አቅሙ 43 ሜጋዋት ነበር። መስከረም 9 ቀን 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ የተሠራውም ሠራተኛው ከወር ደመወዙ ቆርጦ፣ ነጋዴውና ገበሬው ቦንድ ገዝተው ነው። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪካችን ከውኃ ይመነጫል። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ የተላለፈው ውሳኔም በዓለም ብዙ ባለጸጋ አገሮች ያልደፈሩት ነው። እነዚህ የሚያኮሩ ናቸው።

ነገር ግን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ከመብራት አልደረሰም፤ የደረሰውም ቢሆን አምፖል ያበራበታል እንጂ እንጀራ አይጋግርበትም። ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፤ የሠፈሩ ትራንስፎርመር አሮጌ ነው፤ በአንድ ቆጣሪ አምስትና ስድስት ተከራይ ይጠቀማል፤ ለበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣድ ሲጣድ መስመሩ ይወድቃል፤ የከሰሉ ጆንያ ይወጣል። በዚሁ ጊዜ የግድቦቻችን ኃይል ለዲጂታል ገንዘብ፣ ቢትኮይን ለሚባለው፣ ማምረቻ ማዕከላት በውጭ ምንዛሪ ሲሸጥ ቆይቷል። ምንዛሪው ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ሆኖ ወደየሠፈሩ ከተመለሰ ሽያጩ አያስወቅስም። ካልተመለሰ ግን ቦንድ የገዛችው እናት ከሰሏን እያራገበች ያጠራቀመችው ውኃ በሰው አገር የገንዘብ ሣጥን ውስጥ ፈሰሰ ማለት ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ምድጃም አሁንም በአመዛኙ የሚነደው በድንጋይ ከሰል ነው፤ ይህን ለመተካት ከምድጃው አጠገብ የሚውለው ሠራተኛ ስለ ጭሱም ሆነ ስለ ብክነቱ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዕቅዱ ሲወጣ ግን ገበታው ላይ መቀመጫ ሲሰጠው ብዙም አይታይም። አወሳሰኑ በጥቂቶች እጅ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ከኤክሶንም ከሶቭየትም አይተናል።

በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ይካሄዳል። ከዓለም ዙሪያ የሚመጡት ልዑካን፣ የነዳጅ ኩባንያ ወኪሎችም ጭምር፣ በዚህች ከተማ ጎዳናዎች ይመላለሳሉ። የአገራችን ተወካዮች ያለፈውን ጭስ ሒሳብ፣ የ1977ቱን ስብሰባና የ2009ኙን ቃል ይዘው ካሣው በብድር ሳይሆን በዕዳ ክፍያነት እንዲታሰብ እንዲሟገቱ እንጠብቃለን። የነዋሪዎች ማኅበራትም እስከዚያ ድረስ የሚሠሩት ሥራ አለ። በየሠፈሩ ስንት ቤት የራሱ ቆጣሪ አለው? ስንቱ በኤሌክትሪክ ይጋግራል? ትራንስፎርመሩ ስንት ምጣድ ይችላል? ከሰል ለመግዛት አንድ ቤተሰብ በወር ምን ያህል ያወጣል? ይህ መዝገብ ቤት ለቤት ተዞሮ በጥንቃቄ ተሞልቶ ለክፍለ ከተማው፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱና ለጉባኤው አዘጋጆች ሊቀርብ ይችላል። የጉባኤው አዳራሽ መብራት ከግድቦቻችን እንደሚመጣ ጥርጥር የለውም፤ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ሠፈር በዚያው ሳምንት እንጀራው በምን እሳት እንደሚጋገር ግን ከአሁኑ ተቆጥሮ መታወቅ አለበት።